ዛንዚባር በ400 ዶላር፦ ለሐዋሳዋ መምህርት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሐዋሳ የመጣ ነው፤ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ 31። ሐይቅ አጠገብ ተወልጄ አደግኩ እንጂ ባሕር አይቼ አላውቅም። ቆጥቤ ቆጥቤ የዛንዚባር የደርሶ መልስ ትኬት መግዣ አግኝቻለሁ፤ ከትኬቱ ሌላ በእጄ የሚኖረው 400 ዶላር ነው። ጊዜዬ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካለው ውስጥ አራት ሌሊት ብቻ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለአራት ሌሊት ያቀረበልኝ ፓኬጅ ካለኝ ገንዘብ እጥፍ ይበልጣል። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ሄደሽ ከምትቸገሪ የዕቁቡን ዳኛ ለምነሽ ዕጣሽን ቀድመሽ ውሰጂና እንደ ሰው ሂጂ› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ ምን ልትሠራ ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ዋና እምብዛም አልችልም። ፍልሰታንም እጾማለሁ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ውድ እህቴ፣ ሂጂ። ዕቁቡን ግን አትንኪው። ለአራት ሌሊት መዝናኛ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሲከፈል የሚኖር ዕዳ አይገባም፤ በፓኬጁ ላይ የሚጨመረው ገንዘብም አንቺ የምትፈልጊውን ባሕር አያበዛልሽም። ባሕሩ ለሁሉም አንድ ነው። ትልቁ ሆቴል የሚሸጠው አጥሩን፣ መዋኛ ገንዳውንና ቀኑን ሙሉ የተዘረጋውን ምግብ ነው፤ ከምግቡ አብዛኛው ደግሞ በፍልሰታ አንቺ የማትቀምሺው ነው። የማትበይውን ለምን ትከፍዪበታለሽ?

ትንሽ ገንዘብ ይዞ ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ሰው የሚከስረው ደሴቲቱን በሙሉ ልይ ሲል ነው። ዛሬ ሰሜን፣ ነገ ምሥራቅ፣ ከነገ ወዲያ ደቡብ እያለ ታክሲ ውስጥ ይውላል፤ ገንዘቡም ቀኑም መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ምክሬ አንድ የባሕር ዳርቻ መርጠሽ ሦስት ሌሊት እዚያው እንድትቀመጪ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ በከተማው አሮጌ ክፍል፣ በስቶን ታውን፣ እንድታድሪ ነው። ሌላውን ሁሉ ተዪው። ስቶን ታውን ከኤርፖርቱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ፣ በመመለሻሽ ቀን በጨለማ ተነስተሽ ለረጅም መንገድ ታክሲ አትከፍዪም።

መጀመሪያ ገና ሳትነሺ የሚወጣውን እንቁጠር። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች ቪዛው የታንዛኒያ ነው፤ ተራው የቱሪስት ቪዛ 50 ዶላር ነው። ኤርፖርት ደርሼ እገዛለሁ እንዳትዪ። በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ቀደም ብለሽ አመልክቺ፤ ቪዛው እጅሽ ሳይገባ ገንዘብ የማይመለስበት ትኬት አትግዢ። በዚህ ላይ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የራሷን የዛንዚባርን የጉዞ መድን መግዛት አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት ይከፈላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሄዶ ኤርፖርት ላይ ይደናገጣል። ሦስተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ቢጫ ካርድሽን ይጠይቁሻል፤ ክትባቱን ከጉዞሽ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመሽ ውሰጂ። አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

እንግዲህ ከ400 ዶላሩ 94ቱ አገር ቤት ሳለሽ አልቋል፤ የቀረሽ 306 ነው። ከዚህ ላይ 50 ዶላር ለይተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ስፊው፤ ሕመም ወይም የቀረ በረራ ካልመጣ በቀር የሌለ ቁጠሪው። ለአልጋ በቀን በአማካይ 30 ዶላር ብትይዢ 120 ነው። በዚህ ዋጋ ቁርስን ጨምሮ ንጹሕ ገስት ሃውስ ይገኛል፤ ነሐሴ የቱሪስት ወቅት በመሆኑ ግን ቀድመሽ ካልያዝሽ ርካሾቹ ይሞላሉ። ስትይዢ አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ መንግሥት በእያንዳንዱ ሌሊት ከእያንዳንዱ እንግዳ የሚሰበስበው የመሠረተ ልማት ግብር ዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይ? ሳይነግሩሽ ቀርተው በመውጫሽ ቀን የሚጨምሩብሽ ይኖራሉ። ዶላሩን ከባንክ ስትወስጂ አዳዲስና ያልተቀደደ ኖት ምረጪ፤ እዚያ አሮጌ እትም፣ በተለይ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር፣ አይቀበሉም። እንደደረስሽ ኤርፖርቱ ላይ የሚበቃሽን ያህል ወደ ሽልንግ ለውጪ፤ መንደር ውስጥ ለሻይ፣ ለሩዝና ለመኪና የምትከፍዪው በሽልንግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የትኛው ዳርቻ? ፎቶ ላይ ሁሉም ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ቦታው ስትደርሺ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። እኛ ሐይቅ የለመድን ሰዎች ይህን አናውቀውም። ባሕሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት ወደ ጉድለት ከስድስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና በጠፋችበት ሰሞን የከፍታው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ፣ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ጉድለቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። በምሥራቅ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ወለሉ ለጥ ያለ ስለሆነ ባሕሩ ሲጎድል ውሃው ከዓይን ርቆ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ተታለልኩ ብሎ ሲማረር ይውላል።

አስጎብኚዎች ሁሉ ሰሜኑን ይመክሩሻል። እኔ ለአንቺ ጃምቢያኒን እመርጣለሁ። ኑንግዊ ለዋናተኛ ነው፤ ሆቴሉም፣ ሻጩም፣ ሙዚቃውም ብዙ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። አንቺ ዋና አትችዪም፤ ጃምቢያኒ ላይ ደግሞ ባሕሩን ከሩቅ የሚያጥረው የኮራል ግንብ (ትንንሽ የባሕር ፍጥረቶች የገነቡት ዐለት) ማዕበሉን ስለሚሰብር ውስጡ ያለው ውሃ ረጋ ያለ ነው፤ ገና መሙላት ሲጀምር ገብተሽ ከወገብሽ በታች ባለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ትችያለሽ። ባሕሩ ሲጎድል ደግሞ የባሕሩን ወለል በእግርሽ ትሄጂበታለሽ። እዚያ ላይ በተራ በተራ የተተከሉ እንጨቶችና በመካከላቸው የተወጠሩ ገመዶች ታያለሽ፤ የምዋኒ እርሻ ነው። ምዋኒ የሚሉት የባሕር ሣር ለምግብና ለመዋቢያ ማወፈሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር ስለሚወጣው ወደ ውጭ አገር ይላካል። እርሻው የተስፋፋው በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ በራሳቸው እጅ የገባ የመጀመሪያ ገንዘብ ከዚህ የመጣ ነው። አሁን ውሃው እየሞቀ በመሄዱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተ አስቸግሯቸዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ጥልቅ ውሃ እየወረዱ፣ አንዳንዶቹ ሣሩን ሳሙና እያደረጉ ለመኖር ይታገላሉ። እባክሽ በገመዶቹ መካከል ስትሄጂ አትርገጪባቸው፤ ሳትጠይቂም ፎቶ አታንሺ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

ቀን ስትመርጪ የጨረቃዋን ነገር አትርሺ። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ የሚሸሸው ረፋዱ ላይ ነው፤ ሴቶቹን ሥራ ላይ የምታያቸው ያን ጊዜ ነው፣ ውሃው ተመልሶ የሚሞላው ወደ ማታ ነው። ጨረቃዋ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ደግሞ ጉድለቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ረፋዱ ላይም ስለሚሞላ፣ ውሃ ውስጥ ለመቆየት ይመቻል። የምፈልገው መታጠብ ነው ካልሽ ግማሽ ጨረቃን፣ የምፈልገው ማየት ነው ካልሽ ሙሉዋን ምረጪ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ወደ ኮራሉ ርቀሽ ከሄድሽ ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ገስት ሃውስሽ ውስጥ ጠይቀሽ እወቂ፤ መመለስ ሲጀምር ፈጣን ነው፣ ከኋላሽም ዞሮ ይመጣል። ብቻሽን አትሂጂ። ሁለተኛው፣ ወለሉ ላይ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው ፍጥረቶች ተጣብቀው ይኖራሉ፤ እሾሃቸው እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ለዚህ ከኮንጎ ጫማ የተሻለ የለም፤ ከሐዋሳ ገበያ አንድ ይዘሽ ሂጂ።

በነሐሴ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ በምሥራቁ በኩል ይነፍሳል፤ ፓጄ ላይ በሸራ እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱት ቱሪስቶች የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው። ለአንቺ ጥቅሙ ሙቀቱን ማቅለሉ ነው። ዝናቡም በመጋቢትና በግንቦት መካከል አልፏል። አገር ቤት ክረምቱ ሲከብድ እዚያ ደረቅ ነው።

ስለ መጓጓዣ ብዙ አላስጨንቅሽም። ስትደርሺ ድካም ስላለብሽ ገስት ሃውሱ መኪና ይላክልሽ፤ ዋጋውን በዋትስአፕ ጽፈሽ ተስማሚ፣ እስከ 40 ዶላር ያዢለት። ከዚያ በኋላ ግን ሕዝቡ በሚሄድበት በዳላ ዳላ ሂጂ። ሚኒባስ አለ፣ የጭነት መኪና ላይ ወንበር የተገጠመለትም አለ፤ ረዳት አለው፣ ሒሳቡን መኪናው ውስጥ ሆነሽ ትከፍያለሽ፣ ዋጋው ከአንድ ወይም ከሁለት ዶላር የማይበልጥ ነው። ጃምቢያኒ የሚሄደው 309 ቁጥር ነው። የምትገረሚበት ነገር ሰዓት አቆጣጠራቸው ነው፤ እንደ እኛው ከንጋት ይጀምራል። መኪናው ‹ሳ ንኔ› ላይ ይነሳል ካሉሽ በቋንቋቸው፣ በስዋሂሊ፣ አራት ሰዓት ማለታቸው ነው። ፈረንጆች በዚህ ምክንያት መኪና ያመልጣቸዋል፤ አንቺን አያመልጥሽም።

የጾሙ ነገር ከምታስቢው ይቀልላል። የዛንዚባር የቤት ምግብ ግማሹ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ነው፦ በኮኮናት የተቀቀለ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ከሩዝ ጋር፣ ካሳቫ፣ ያልበሰለ ሙዝ ወጥ፣ ቅጠላ ቅጠል። መንገድ ዳር ድስት ጥደው የሚሸጡ ሴቶችን ማማ ንቲሊዬ ይሏቸዋል፤ እነሱ ዘንድ በሦስት ዶላር ጠግበሽ ትነሻለሽ። በስዋሂሊ ‹ቢላ ንያማ፣ ቢላ ማያይ፣ ቢላ ማዚዋ› በያቸው፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ቻፓቲና ማንዳዚ ላይ ጠይቂ፣ አንዳንዱ ወተት ይገባበታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ‹ሳ ቲሳ› ብትያቸው ይገባቸዋል፤ ሕዝቡ ራሱ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ስለሆነ የጾመኛን ነገር ለማስረዳት አትቸገሪም። ከተማ ስትገቢ ኡሮጆን ፈልጊ፤ ማንጎና እርድ የገባበት ሾርባ ሆኖ ድንችና የሽምብራ ጥብስ የሚጨመርበት ነው፣ ሥጋና እንቁላሉን አስቀሪው። ፎሮዳኒ በተባለው የባሕር ዳር አደባባይ ማታ ማታ ምግብ ይሸጣል፤ ዋጋ ሳትጠይቂ ሳህን አትያዢ፣ የሸንኮራ ጭማቂውን ግን ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እንዲጨምቁልሽ አድርጊ።

የቀረሽን ገንዘብ ቆጥሪው፤ ከመኪናውና ከምግቡ በኋላ 40 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ። እኔ ጆዛኒ ጫካን እላለሁ። ወደ ጃምቢያኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ዳላ ዳላው በር ላይ ያወርድሻል፤ በዓለም ላይ ዛንዚባር ውስጥ ብቻ የሚኖሩትን ቀይ የኮሎበስ ጦጣዎች በቅርብ ታያለሽ። የኪዚምካዚ የዶልፊን ጉዞ ይሻላል ቢሉሽ እምቢ በዪ። ብዙ ጀልባ ተሰብስቦ ጥቂት ዶልፊኖችን እያሳደደ፣ ሰውም በላያቸው እየዘለለ የሚደረግ ነገር ነው፤ እንስሳቱን ያስጨንቃል፣ ለማይዋኝ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። በማንኛውም ጀልባ ላይ ብትወጪ ላይፍ ጃኬት በአንቺ ልክ መኖሩን ከመክፈልሽ በፊት በዓይንሽ አይተሽ ነው።

የመጨረሻዋ ቀንሽ የታሪክ መምህርቷ ቀን ናት፤ በማለዳ ከጃምቢያኒ ተነሺ። ስቶን ታውን ውስጥ የአንግሊካን ካቴድራሉ የቆመው የባሪያ ገበያው በነበረበት ስፍራ ነው። የዛንዚባሩ ገዢ ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ገበያውን የዘጉት በ1873 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ መሠራት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። መንበሩ ያለበት ቦታ ሰዎች ታስረው የሚገረፉበት እንደነበር ይነገራል። መግቢያ ያስከፍላል፣ ክፈዪ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ውረጂ። በነሐሴ 1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ስድስት ወር በኋላ፣ የእንግሊዝ መርከቦች በዚህ ዳርቻ ቆመው የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት ደብድበው በአርባ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጦርነቱን ጨረሱት፤ በታሪክ እጅግ አጭሩ ጦርነት ይባላል። ሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መሆናቸውን ተማሪዎችሽ ይወቁት። በአጠገቡ የነበረው በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራው የድንቆች ቤት የተባለው ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ ፈርሷል። ለመንገዱ አስጎብኚ አያስፈልግሽም፤ ጠባቦቹ መንገዶች ሁሉ መጨረሻቸው ወይ ባሕር ወይ ዳራጃኒ ገበያ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፦ ጭንቀታቸው ተገቢ ነውና በቃል ብቻ አታጽናኛቸው። የገስት ሃውሱን ስም፣ ስልክና የበረራሽን ሰዓት ጽፈሽ ስጫቸው፣ በየማታው በተወሰነ ሰዓት ደውዪላቸው። እዚያ ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶች ብዙ ናቸው። የሚያሰለቸው ዳርቻ ላይ እየተከተሉ ጉብኝት እንሽጥልሽ፣ እናስጎብኝሽ የሚሉ ወጣቶች ናቸው፤ ‹ሃፓና፣ አሳንቴ› (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብለሽ ሳትቆሚ እለፊ፣ ጥሩ ፈገግታ ያለውም ቢሆን ገንዘብ ቀድመሽ አትስጪ። ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ አገር ቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዳርቻውን ብቻሽን አትሂጂበት። በመንደርና በከተማ ትከሻና ጉልበት መሸፈን የአካባቢው ወግ ነው፤ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ለሁሉም ትበቃለች። የዋና ልብስ ለባሕሩ ዳር ብቻ ነው። የፕላስቲክ ከረጢት በአገሩ ስለተከለከለ ሻንጣሽ ውስጥ አትያዢ።

ከሁሉ አስቀድመሽ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጊ፦ ቢጫ ካርዱን አውጪ፣ የቪዛ ማመልከቻውን ላኪ። ቪዛው ሲመጣ የነሐሴን የጨረቃ ቀን አይተሽ ትኬቱን ቁረጪ።